የእምዬን ፋይል ፍለጋ፦ የሰባት ቀን የጎጃም ማስታወሻ

ሰኞ፣ ጥር 13 ቀን 2011 ዓ.ም. — አዲስ አበባ

እናቴ ቤት ቁም ሳጥን ላይ አንዲት የብስኩት ቆርቆሮ አለች። ክዳኗ ዝጓል። ልጆች ሳለን እሷን መንካት ክልክል ነበር። ውስጧ ያለው ገንዘብ ወይም ወርቅ አይደለም፣ ወረቀት ነው። የግብር ደረሰኞች፣ ቴምብር የተለጠፈበት የአቤቱታ ግልባጭ፣ እና የመዝገብ ቁጥር የተጻፈባት ብጣሽ ወረቀት። ሁሉም የአያቴ ናቸው። እኛ እምዬ ነበር የምንላት። እምዬ ፊደል አልቆጠረችም፣ ግን የትኛው ወረቀት የቱ እንደሆነ በጣቷ ዳስሳ ትለይ ነበር።

እምዬ በሞጣ አውራጃ ከ1956 ጀምሮ ዐሥራ አንድ ዓመት ተሟግታለች። የጠየቀችው የእናቷን ርስት ነው። ከመንደሯ እየተነሳች ደብረ ማርቆስ ድረስ በእግሯ ስንቋን ተሸክማ ትመላለስ ነበር። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚለውን ተረት ከእሷ አፍ ያልሰማሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። ነገሩ እንዴት እንዳለቀ ግን ማንም በትክክል አልነገረኝም። ስጠይቅ «ደርግ መጣ» ነው መልሱ። እኔ ደግሞ ከዚያ በላይ ማወቅ እፈልጋለሁ። ቁጥሯ አለችኝ። ፋይሉን ልፈልገው ነው።

መንገድ ከመጀመሬ በፊት ስድስት ኪሎ ወጣሁ። ቀድሞ ገነተ ልዑል የተባለው ቤተ መንግሥት ውስጥ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አለ። እዚያ ያለው የድሮ ጽሑፍ ክምችት በድሮ ወረቀት ለሚጨነቅ ሰው ሁሉ በር ነው። ሙሉ ቀን ስለ መሬት ሰነድ ሳነብ ዋልኩ፣ ከዚህ በፊት ያላሰብኩትንም አንድ ነገር ተረዳሁ። እኛ አገር የመሬት ወረቀት የተጀመረው በመሥሪያ ቤት አይደለም። የተጀመረው በቤተ ክርስቲያን ነው። ንጉሥ ለደብር መሬት ሲሰጥ የሚጻፈው በዚያው ደብር በክብር በሚቀመጠው ወንጌል ላይ ነበር። ወንጌሉ ከሁሉም ነገር በላይ ስለሚጠበቅ መሬቱም አብሮ ይጠበቃል ተብሎ ነው።

በጎንደር ዘመን ነገሩ ወደ ተራው ሰው ወረደ። ሪም የሚባል መሬት ነበር፣ ለደብር አገልጋዮች የሚሰጥ። ደብተራው ይዞት እያገለገለ ይኖርበታል፣ ግን ይሸጥ ይለወጥም ነበር። ሽያጩ የሚመዘገበው በብራና መጽሐፍ ባዶ ገጽና ህዳግ ላይ ነው። ሻጭ እገሌ፣ ገዢ እገሊት፣ ዋጋው ይህን ያህል ወቄት ወርቅ፣ ዋሱ እገሌ፣ እማኞቹ እነ እገሌ። በግእዝ ሳይሆን በአማርኛ! ግእዙ ለጸሎት፣ አማርኛው ለመሬት። ሴቶችም በገዢነትም በሻጭነትም እየተጠሩ ይገባሉ። ይህን ሳነብ እምዬ ትዝ አለችኝና ትንሽ መጽሐፉን አጥፌ ተቀመጥኩ።

የሚያሳዝነውም ነገር አለ። አፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አድባራት መጻሕፍት ሰብስበው መቅደላ አግብተው ነበር። በሚያዝያ 1860 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲዘርፍ ወደ 350 የሚሆኑት ተጭነው ለንደን ገቡ። በህዳጋቸው ላይ ያለው የመሬት ውልም አብሮ ሄደ። የአንድ ጎንደሬ ቅድመ አያት ቦታ የገዛችበት ውል ዛሬ ለንደን ተቀምጧል ማለት ነው። ስለ ቅርስ መመለስ ሲወራ ሁሉም የሚያነሳው ዘውዱንና ታቦቱን ነው። እኔ እነዚህንም ጨምሩ እላለሁ።

ማክሰኞ፣ ጥር 14 — ዓባይ በረሃ፣ ደብረ ማርቆስ

ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት አውቶቡስ ተራ። ፍቼን አልፈን ጎሃ ጽዮን ቁርስ። ከዚያ ዓባይ በረሃ። ወርደን ወርደን፣ ድልድዩን ተሻግረን፣ እንደገና ወጥተን ወጥተን ደጀን። ጎኔ የተቀመጡት ሽማግሌ ጎጃም መግባታችንን የሚያውቁት በአየሩ ነው፣ መስኮቱን ከፍተው «ይኸው» አሉ።

ደጀን ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። በቀኝ ያለው በብቸናና በደብረ ወርቅ አድርጎ ሞጣ ይገባል፣ በግራ ያለው ደብረ ማርቆስ። ለእኔ የሚቀርበኝ የቀኙ ነበር። ግን እምዬ ይግባኝ የጠየቀችው ደብረ ማርቆስ ስለሆነ ከዚያ መጀመር አለብኝ።

ሽማግሌው ወዴት እንደምሄድ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ሳቅ የሚሉ መስሎኝ ነበር፣ አልሳቁም። «የእናት ርስት ነው የአባት?» አሉኝ። የእናት ነው አልኩ። «ከባድ ነው» አሉ፣ ዝም ካሉ በኋላ ደግሞ «ግን ያስኬዳል» አሉ። ሃምሳ ዓመት አልፎታል እኮ፣ እሳቸው የሚመዝኑት አሁን የተከፈተ ክስ ይመስል ነው።

የሚያስኬድበት ምክንያት ይህ ነው። በጎጃም ርስት በአባትም በእናትም ይቆጠራል። መሬቱን መጀመሪያ ያቀናው ሰው ዋና አባት ይባላል። ከእሱ የተወለዱት ምንዝር አባቶች ይባላሉ፣ መሬቱም በእነሱ ስም ይከፈላል። አንድ ሰው ርስት ልጠይቅ ካለ ከራሱ ተነስቶ እስከ ዋናው አባት ድረስ በወንድም በሴትም እየቆጠረ መድረስ አለበት። መቁጠር የቻለ ይጠይቃል። ስለዚህ አንድ ሰው በስምንት ቅድመ አያቶቹ በኩል ስምንት ቦታ ሊጠይቅ ይችላል፣ ሌላውም እንዲሁ እሱን ሊጠይቀው ይችላል። ሙግቱ የማያልቀው ለዚህ ነው። ጎጃሜ ነገር ይወዳል ይባላል፣ እኔ ግን አልቀበለውም። መሬቱ እንዲህ ሆኖ የተሠራ ከሆነ የማይሟገት ሰው ልጆቹን ነው ባዶ የሚያስቀረው።

ማታ ደብረ ማርቆስ። የድሮ ስሟ መንቆረር ነው። በአሁኑ ስሟ የተጠራችው ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ባሠሩት የማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ብርድ ነበረ። ሽሮ በልቼ ተኛሁ።

ረቡዕ፣ ጥር 15 — አንድ መዝገብ ቤት

የከተማዋንም የመሥሪያ ቤቱንም ስም አልጽፍም። ከደብረ ማርቆስ ብዙም አትርቅም። የድሮ ፋይሎች በየመንግሥቱ ለውጥ ከቤት ወደ ቤት ሲንከራተቱ ከፊሎቹ እዚህ ደርሰዋል አሉኝ።

ጠዋት የተቀበለኝ ወጣት «ደብዳቤ አለህ?» አለኝ። አለኝ። «ከየት?» አሳየሁት። «ይሄ ለዚህ አይሆንም።» የሚሆነው የቱ እንደሆነ አልነገረኝም። ኃላፊው ስብሰባ ናቸው። ከሰዓት ና። ከሰዓት መጣሁ፣ ነገ ና። በቃ የእምዬን ዐሥራ አንድ ዓመት በግማሽ ቀን ቀመስኩት። እሷ ይህን ሁሉ በባዶ እግሯ ነው ያደረገችው።

ያዳነኝ ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት የቀራቸው አንድ ሠራተኛ ናቸው። ጋሼ ነው ሁሉም የሚላቸው። ደጅ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብለው አዩኝና «ልጄ፣ የማንን ነው የምትፈልገው?» አሉ። ብጣሿን አሳየኋቸው። ዓይናቸው ላይ አስጠግተው አዩዋት። «የቀኝ አዝማች ጽሕፈት ነው» አሉ። የድሮውን የመዝገብ ሹም በእጅ ጽሕፈቱ ለዩት! ይዘውኝ ገቡ።

ክፍሉን እንዳየሁት ልንገራችሁ። የቆርቆሮ ጣሪያ፣ አንድ ጥግ ላይ ፀሐይ ያስገባል። ፀሐይ ያስገባ ደግሞ ዝናብም ያስገባል። ግድግዳው ሥር ከወለል እስከ ደረት ድረስ የተቆለለ ጆንያ። የማዳበሪያ ጆንያ ነው፣ ውስጡ ፋይል። አንዳንዱ ጆንያ ከሥሩ ረጥቦ ደርቆ፣ ረጥቦ ደርቆ እንደ ጭቃ ጡብ ተጣብቋል። የአይጥ ሽታ አለ። ጋሼ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሩኝ። ከብዙ ዓመት በፊት ክፍል ጠቦ ግማሹ ተቃጥሏል። ከዚያ በፊትም ለሱቅ መጠቅለያ የሄደ አለ። «ርስት ተወርሷል፣ ወረቀቱ ምን ይሠራል ተባለ» አሉኝ። እሳቸው በዚያን ጊዜ ተላላኪ ነበሩ። አልፈውት መሄድ አልሆነላቸውም፣ የቻሉትን ያህል ደብተሮች ጠረጴዛ ሥር ደብቀው አተረፉ።

ከተረፉት አንዱን አወጡልኝ። የመዝገብ መቀበያ ነው፣ ጠንካራ ሽፋን ያለው፣ ስፋቱ እንደ ትሪ። በረድፍ ተሰምሯል፦ ቁጥር፣ ቀን፣ ከሳሽ፣ ተከሳሽ፣ ነገሩ፣ ውጤት። «ነገሩ» የሚለውን ረድፍ በጣቴ ወደ ታች ተከተልኩት። ስለ ርስት። ስለ ርስት። ስለ ርስት። ስለ ድንበር። ስለ ርስት። ስለ በቅሎ። ስለ ርስት። ስለ ነፍስ ግድያ። ስለ ርስት። ጋሼ «ነፍስ ግድያው ሥሩ ሲታይ ያው ነው» አሉ። «ውጤት» በሚለው ረድፍ ደግሞ አንዳንዱ ላይ «ታርቀዋል» ይላል፣ ብዙው ላይ «ይግባኝ» ይላል፣ ከሁሉ የሚበዛው ግን ባዶ ነው።

የእምዬ ቁጥር ገጹ መሐል ላይ ነበረች። ስሟ ከነአባቷ። ነገሩ፦ ስለ እናት ርስት። ውጤት፦ ባዶ።

ሐሙስ፣ ጥር 16 — እዚያው

ኪዳነ ምሕረት ናት። ጋሼ ቅዳሴ ቆይተው በሦስት ሰዓት መጡ። እኔ ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ነበርኩ። አርባ ያህል ጆንያ ፈታን። እጄም አፍንጫዬም ጥቁር ሆነ። ወደ ስምንት ሰዓት ገደማ ጋሼ አንድ ፋይል አንስተው አቧራውን በመዳፋቸው ጠረጉና ሳይናገሩ ሰጡኝ።

ሲባጎ የታሠረ፣ ሽፋኑ ሮዝ የነበረ ፋይል። የአያቴ ስም።

ስንት ገጽ ነው? ሰማንያ ሦስት። አንዱ ጥግ በውሃ ተበልቷል፣ ከአሥሩ ገጽ በላይ አይነበብም። የቀረውን ሁሉ በስልኬ ፎቶ አነሳሁ፣ እያነሳሁም እያነበብኩም ነበርና እስኪመሽ ፈጀብኝ።

መጀመሪያ አቤቱታው። አቤት ባይዋ ከዋናው አባት እስከ ራሷ ስምንት ትውልድ ትቆጥራለች፣ አምስተኛዋና ሰባተኛዋ ሴቶች ናቸው። ከዚያ መልስ ሰጪዎቹ፣ የአጎቷ ልጆች። «ትውልዷን አንክድም» ይላሉ። «ነገር ግን ሴት ናትና አግብታ ከአገር ወጥታለች፣ ከሄደችበት ትጠይቅ።» የእሷ መልስ በሚቀጥለው ገጽ አለ፣ ጸሐፊው በሕግ ቋንቋ ለማሳመር ሞክሯል፣ ግን ድምፅዋ ወጥቶ ይሰማል፦ «ባል አገባሁ እንጂ እናቴን አልካድኩም።» ሥሩ ላይ የአውራ ጣት አሻራ። ሐምራዊ ቀለም። ጣቷ ትንሽ ተንሸራትቶ መስመሩ ወደ ቀኝ ተስቧል። ያን አሻራ ብዙ ጊዜ አየሁት። የእሷ ፎቶ አንድም የለንም።

መሐል ላይ የግብር ደረሰኞች ተያይዘዋል። ይህ በዚያ ዘመን ትልቅ ማስረጃ ነው፣ የገበረ ሰው «ይዤ ኖሬያለሁ» ማለት ይችላል። ለዚህም ነው ሰው ደረሰኝ እንደ ክታብ የሚያስቀምጠው። በ1937 በወጣው የመሬት ግብር አዋጅ በሌላው አገር መሬት በጋሻ ተለክቶ ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ተብሎ ተመድቧል። ከአስራቱ ጋር ለሙ ለአንድ ጋሻ 50 ብር፣ ለም ጠፉ 40፣ ጠፉ 15 ይከፍል ነበር። ጎጃም ግን በዚያ ስሌት አልገባም። በድሮው ልማድ በጥቅሉ ይገብር ነበር፣ ቃላድ የሚባለው የመሬት መለኪያ ገመድ አልተጣለበትም። ሰው ያንን ነገር በጣም ነበር የሚፈራው። ቃላድ የመጣበት አገር ርስቱን አጥቶ ጭሰኛ ሆኗል የሚል ወሬ ከደቡብ ይሰማል፣ ወሬው ደግሞ ውሸት አልነበረም።

ፋይሉ ይህንንም ይመሰክራል። በ1960 ዓ.ም. ከየካቲት በኋላ ወራት ሙሉ አንድም ቀጠሮ የለም። መጀመሪያ የጠፋ ገጽ መሰለኝ። አይደለም። በዚያ ዓመት ኅዳር ላይ የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጥቶ ነበር። ገቢውን ለማወቅ መሬቱ ሊገመት ነው ሲባል የሞጣ ገበሬ ቀድሞ ተነሣ፣ ከዚያ ሌላው አውራጃ ተከተለ። መንግሥት ጦርም አውሮፕላንም ላከ። መጨረሻ ላይ ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሡ፣ ውዝፍ ግብርም ተማረ። የእምዬ ዳኞች በዚያን ወቅት የሚያስችሉበት ሁኔታ አልነበረም። ጠመንጃው ጸጥ ሲል የመጀመሪያው ገጽ የሚጀምረው «ግራ ቀኙ ቀርበዋል» ብሎ ነው። ሁለቱም መጥተዋል! ምናልባት በአመፁ ጊዜ አብረው ጫካ የነበሩ ሰዎች ናቸው፣ ተመልሰው ደግሞ ተካሰሱ።

አንድ ነገር ሁሌም ይገርመኝ ነበር፣ ይህ ሁሉ ክርክር ሲሆን የመሬት መዝገብ የሚባል ነገር አልነበረም ወይ? በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ ከአንቀጽ 1553 እስከ 1646 ድረስ በዝርዝር ደንግጓል። ግን በራሱ መጨረሻ ላይ ይህ ክፍል ሌላ ድንጋጌ እስኪወጣ ሥራ ላይ አይውልም አለ። እንዲሁ ቀረ። ስለዚህ ዳኛው ያለው ሽማግሌ ብቻ ነው። ምስክር ይመጣል፣ ይምላል፣ ትውልድ ይቆጥራል።

ሦስተኛው የመልስ ሰጪዎች ምስክር እንዲህ ይላል፦ «የከሳሽ እናት ድርሻዋን በሁለት በሬ ለውጣ ስትሄድ በዓይኔ አይቻለሁ።» ነገሩን ያከረረው ይህ ቃል ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ይግባኝ ሁሉ ስለ ሁለቱ በሬዎች ነው።

የመጨረሻው ገጽ። ጥር 1967። ዳኛው ተጨማሪ ምስክር እንዲሰማ አዝዘው «ለሚያዝያ 13 ቀን 1967 ዓ.ም. ተቀጥሯል» ይላል። ማኅተም። ፊርማ። ከዚያ ምንም የለም።

የካቲት 25 ቀን 1967 አዋጅ ቁጥር 31 ወጣ። የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሆነ። ለአንድ አራሽ ከ10 ሄክታር በላይ አይሰጥም፣ መሸጥ መለወጥ ክልክል ሆነ። ርስት የሚባለው ነገር በአንድ ቀን ቀረ። አዋጁን ለመውቀስ አይደለም የምጽፈው። ለባላባት እየገበረ ከመሬቱ ለሚባረረው የደቡብ ጭሰኛ ያ ቀን ነጻነት ነው፣ ይህን የማይረዳ ሰው ታሪኩን አያውቅም። ግን ለእምዬ ማንም «አሸንፈሻል» ወይም «ተሸንፈሻል» አላላትም። እኔን የቆጨኝ እሱ ነው።

ጋሼን ልከፍላቸው ስል ተቆጡ። «ፎቶውን አትጣለው እንጂ» አሉኝ።

አርብ፣ ጥር 17 — ጮቄ

በጮቄ በኩል ወደ ሞጣ ተሻገርኩ። አይሱዙ ላይ፣ ከድንች ጆንያ ጋር። ጅባራ ቆሞ ቆሞ ይታያል። ቅዝቃዜው አጥንት ይሰብራል። እምዬ በዚህ መንገድ ትመጣ ነበር ወይስ በሌላ? አላወቅኩም። ተራራውን እያየሁ ሌላ ምንም ማሰብ አቃተኝ።

ቅዳሜ፣ ጥር 18 — ሞጣ

ሞጣ ጊዮርጊስን የተከሉት ወይዘሮ ወለተ እስራኤል ናቸው፣ የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ። ለደብሩ መሬት ሲሰጡ ሴት ባለ ርስት መሆን እንግዳ ነገር አልነበረም ማለት ነው። የእምዬ ባላጋራዎች «ሴት ናትና» ሲሉ ከዚህች ደብር ጥላ ሥር ሆነው ነው የተናገሩት። ይህን ለዳኛው ያስታወሰላት ሰው ባለመኖሩ ተናደድኩ።

ከሰዓት ከከተማዋ ወጣ ወዳለች ትንሽ ደብር ሄድኩ፣ የእምዬ እናት ክርስትና የተነሳችባት። ቄሰ ገበዙ የሩቅ ዘመዴ ናቸው። «አባቴ ይፍቱኝ» አልኳቸው። «እግዚአብሔር ይፍታህ። የማን ልጅ ነህ?» ቆጠርኩላቸው። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ እሳቸው ተቀብለው እስከ ስምንተኛው አደረሱት።

ወንጌሉን አሳዩኝ። ነጠላዬን አጣፍቼ ቆሜ ነው ያየሁት። እሳቸው ናቸው የገለጡት፣ እኔ አልነካሁም። ብራናው ጠርዙ በእጅ ብዛት ጠቁሯል። ከማቴዎስ በፊት ባለው ባዶ ገጽ ላይ በደቃቅ ጽሕፈት የመሬት ድልድል አለ፦ ለቄሱ ይህን ያህል፣ ለዲያቆኑ ይህን፣ ለአቃቢቱ ይህን። መጨረሻው ላይ ማኅተም ሳይሆን ግዝት፦ «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዝ ለይኩን።» የሰረቀውም የፋቀውም የተወገዘ ይሁን።

የፋቀውም! እዚያው ገጽ ላይ አንድ መስመር ተፍቋል። በቢላ ነው፣ ብራናው ቀጥኗል፣ ወደ ብርሃን ሲያዞሩት ያሳያል። ከተፋቀው ላይ ሌላ ስም ተጽፏል። ቄሰ ገበዙ በጣታቸው ሳይነኩ ጠቆሙኝና አንገታቸውን ነቀነቁ። ማን ፋቀ፣ ማን ተፋቀ፣ ማንም አያውቅም። ለአንድ መስመር መሬት ነፍሱን ለግዝት የሰጠ ሰው ነበረ።

ተመራማሪዎች ለብዙ ዓመታት እንዲህ ያሉ ገጾችን በጎጃምና በጎንደር እየዞሩ በማይክሮፊልም ሲያነሱ ቆይተዋል፣ ብዙ አትርፈዋልም። ያልደረሱባቸው ደብሮች ግን አሁንም ብዙ ናቸው። ደብር ላላችሁ ሁሉ የምለው አንድ ነገር ነው፣ ቄሰ ገበዙን አስፈቅዱና ቢያንስ በስልክ አንሱት። ብልጭታውን አጥፉት፣ ብራና ይጎዳል።

እሁድ፣ ጥር 19 — መንደሩ

መሬቱን ልይ ብዬ በእግር ሁለት ሰዓት ሄድኩ። የሚያሳየኝ ሰው ስጠይቅ የላኩኝ ወደ አንድ ሽማግሌ ነው። ገብቼ ራሴን ሳስተዋውቅ ዝም ብለው አዩኝ። ለካ የዋናው መልስ ሰጪ ልጅ ናቸው። የእምዬ ባላጋራ ልጅ።

ወጥ ተሠራ። ጠላ ተቀዳ። «ያንተ አያት እሳት ነበረች» አሉኝ። «አባቴ ከእሷ በቀር ማንንም አልፈራም።» ከዚያ ልጃቸውን ጠርተው ከቆጥ ላይ አገልግል አስወረዱ። ውስጡ ወረቀት። ያው ፋይል፣ የእነሱ ግልባጭ! ሁለት ቤት አንድ ወረቀት በሁለት ቦታ ደብቆ ሃምሳ ዓመት።

ቦታውን አሳዩኝ። ከወንዙ እስከ ዋርካዋ። ጤፉ ታጭዷል፣ ወዲያ ጥግ ባሕር ዛፍ። አሁን አምስት ቤት ይዞታል። በ1989 በተደረገው የመሬት ሽግሽግ አንድ ጊዜ ተቆራርሷል። ሁሉም አረንጓዴ የይዞታ ደብተር አላቸው። አንዱን አምጥተው አሳዩኝ፣ ባልና ሚስት ጎን ለጎን ፎቶአቸው ተለጥፏል፣ የሴቲቱም ስም እኩል ተጽፏል። ያን ገጽ እንዴት አድርጌ ለእምዬ ላሳያት?

ሽማግሌው ቀስ ብለው «እና... የእኛ ነገር ምን ላይ ነው የቆመው?» አሉኝ።

«ለሚያዝያ ተቀጥሯል» አልኳቸው።

አንገታቸውን ነቅንቀው ወደ ዋርካዋ አዩ። ከዚያ እጄን ያዙኝ፣ እስክንመለስም አልለቀቁኝም።

ማታ ሞጣ ኔትወርክ ሳገኝ እናቴ ጋ ደወልኩ። በስልክ አነበብኩላት። አቤቱታውን ዝም ብላ ሰማች። አሻራውን ስነግራት አለቀሰች። ሦስተኛው ምስክር ላይ ስደርስ አቋረጠችኝ።

«ምን አልክ? ድገመው።»

«ድርሻዋን በሁለት በሬ ለውጣ ስትሄድ በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ውሸት ነው! የምን በሬ? አያቴ እንኳን በሬ አንዲት ጊደር አልነበራትም። በተውሶ በሬ ነበር የምታሳርሰው፣ እኔ ራሴ ነኝ ልለምን የምላከው። ገጹ ስንት ነው?»

«ሠላሳ አንድ።»

«ሠላሳ አንድ» አለች፣ ስትጽፍ እስክሪብቶው ይሰማኛል። «ፎቶውን አሁኑኑ ላክልኝ።»